መርዶ ደብቄ እንግሊዝኛ ያስተማርኩበት ወር

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ጉዳይ ትሕትና የሚባል ነገር የለኝም። ሆሳዕና ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ ማለት ነው፣ እየሸጥኩ የወገኖቼን ደብዳቤ ሳርም ኖሬያለሁ። ከቤት አከራይ ጋር የተጣላ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባት የፈለገ፣ የመኖሪያ ወረቀቱን ማሳደስ ያለበት ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ለሁሉም «ቲቸር» ነኝ። በእጄ አልፎ በሰዋስው ምክንያት የተመለሰ ደብዳቤ አላውቅም፤ ካለም አልነገሩኝም።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዟ ጀርሚስተን ውስጥ ብርድ ልብስና የልጆች ልብስ ትሸጥ የነበረች አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ነበረች። ዛሬ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ናት፤ በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ሪፖርትም የእኔን እርማት አይፈልግም። በዚህ እኮራለሁ። የማልኮራበት ነገር ደግሞ አለ። እሷን ባስተማርኩበት ወር እናቷ መሞታቸውን እያወቅሁ ደብቄያታለሁ።

የኮሮናው ሎክዳውን፣ ከቤት አትውጡ የተባለበት ጊዜ፣ ሲጀመር የእኔ ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቄ፣ ምግብ ስለሚሸጥ በፈቃድ ወረቀት፣ በፐርሚት፣ ተከፍቶ ቀረ። የእሷ ሱቅ ግን የልብስ ነውና ተዘጋ። አንድ ክፍል ተከራይታ አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ዘመድ ልትጠይቅ ኦሬንጅ ፋርም ሄዳ፣ አዋጁ እዚያው ደርሶባት መመለስ አቃታት። ስለዚህ እህታችን ከአራት ግድግዳና ከስልኳ ጋር ተፋጥጣ ቀረች። ሳምንት ሳይሞላ ደወለችልኝ።

«ቲቸር፣ ሥራ አላስፈታሁዎትም?»

«ዳቦው አልቋል፣ ተናገሪ።»

«ኮርስ ልማር ነው። የበሽተኛና የአረጋዊ እንክብካቤ። ለምን መማር እንደምፈልግ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጻፊ ብለውኝ ልኬ ነበር፤ መለሱብኝ። ዓረፍተ ነገርሽን አስተካክለሽ በወሩ መጨረሻ ድጋሚ ላኪ አሉኝ።»

«ላኪልኝ እስቲ።»

ደብዳቤው መጣ። አንድ ሙሉ ገጽ ነው፤ ያለው የመዝጊያ ነጥብ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም መጨረሻው ላይ። ስሟ፣ ሰፈሯ፣ እናቷ፣ የእናቷ የስኳር በሽታ፣ እግራቸው ላይ ያለው ቁስል፣ ጀርሚስተን፣ ብርድ ልብሱ፣ የጌታ ምሕረት፣ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሮጣል። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሳቅሁ።

በእሷ ሳይሆን በሁላችንም ነው የሳቅሁት። ምክንያቱ ይገባኛል። እኛ «በጠዋት ተነሥቼ፣ ተጣጥቤ፣ ጸልዬ፣ ሱቄን ከፍቼ፣ ዳቦ ተቀብዬ» እያልን ያለ ማቋረጥ መቀጠል እንችላለን፤ መጨረሻ ላይ «ስሸጥ ዋልኩ» ካልን ሁሉም በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይታሰራል። አማርኛ ለእሷም ለእኔም ሁለተኛ ቋንቋችን ነው፤ ግን ከየእናቶቻችን የሰማነው ሀዲይሳም ቢሆን ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ትዕግሥት አያውቅም። ባለቤቱን ከፊት፣ ግሱን ወዲያው ከኋላው ይፈልጋል፤ ሁለቱን ካገኘ በኋላ ነጥብ ካላደረግህለት ይቆጣል።

ያን ጊዜ ደንበኞቼ ከሱቄ መስኮት ፍርግርግ ፊት በቀይ ቀለም ባሰመርኩት መሬት ላይ ተራርቀው ነበር የሚሰለፉት። ትምህርቱን ከዚያ ጀመርኩ።

«ስሚኝ እህቴ» አልኳት በድምፅ መልእክት። «ሰው መስኮቴ ላይ ሲመጣ ማን እንደሆነ አያለሁ፣ ምን እንደፈለገ እሰማለሁ፣ ሰጥቼ አሰናብተዋለሁ። ከዚያ ቀጣዩ ይመጣል። ዓረፍተ ነገርም እንደዚሁ ነው። ማን? ምን አደረገ? ሁለቱ ከተመለሱልሽ ነጥብ አድርጊና አሰናብቺው። አንቺ መስኮቱ ላይ ዘጠኝ ሰው አንድ ላይ ለቅቀሽብኛል።»

ከራሷ ደብዳቤ አንድ መስመር አውጥቼ ላክሁላት፦ My shop is closed I sit at home I want to learn. እዚህ ውስጥ ስንት ሰው ቆሟል ብዬ ጠየቅኋት። «ሦስት» አለች። ልክ ነበረች። በመጀመሪያ ሙከራዋ በየመሃላቸው ነጠላ ሰረዝ ጨምራ መለሰችልኝ። ነጠላ ሰረዝ ብቻውን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን መለየት አይችልም፤ ይህን ለስንት ተማሪ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ ፈጣሪ ያውቃል። «ሰረዝ አትበትኚብኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ወይ ነጥብ ነው፣ ወይ አያያዥ ቃል ነው። በሁለተኛው ሙከራ My shop is closed, so I sit at home. I want to learn. ብላ ላከች። እንከን አልነበረበትም። በሦስት ቀን ውስጥ ያ የአንድ ትንፋሽ ደብዳቤ አሥራ ስምንት ዓረፍተ ነገር ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ካስተማርኳቸው ውስጥ በሦስት ቀን ይህን የቻለ የለም፤ ይህንንም ነገርኳት።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወሉ።

«አጠገብህ ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ።»

«የጀርሚስተኗ እህታችን እናት አርፈዋል። ባለፈው እሑድ። ወንድሟ ነው ለእኔ የደወለው። እሷን ታስተምራለህ ሲሉ ሰማሁ፤ ቃል እንዳያመልጥህ ብዬ ነው።»

«አታውቅም?»

«በምን ትወቅ? ማን ሄዶ ይንገራት?»

ደህና ጊዜ ቢሆን ያን ሌሊት ስልክ ለስልክ ተደዋውለን፣ ገና ሳይነጋ አሥራ አምስት ሃያ ሰው ሆነን፣ ሽማግሌውን ከፊት አስቀድመን፣ ልብ የሚሰጡ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እንዲይዟት አዘጋጅተን በሯን እናንኳኳ ነበር። መርዶ ማለት ለእኛ ይህ ነው። ወሬውን ብቻ አይደለም የምናደርሰው፤ ስትወድቅ የሚያነሣትን ሰውም አብረን ይዘን ነው የምንሄደው። ያን ሰሞን ግን ሁለት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ቢታይ ወታደር ይበትነዋል።

«በስልክ እንዳትነግራት» አሉኝ። «ብቻዋን ናት። አንድ ነገር ብትሆንስ? ሃያ አንድ ቀን ነው ያሉት፣ ያልቃል። ሰብሰብ ብለን ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፉ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

እሺ አልኳቸው። ትክክል መስሎ ታይቶኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ነጋሪው እኔ አለመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ እህታችን አዲሱን ገጽ ላከችልኝ። እኔ በቁጣዬ አስደንግጫት ኖሮ አሁን ደግሞ ነጥብ አብዝታለች። Because my mother is sick. When I go back home. To wash her wound. እንዲህ ያለውን ጎዶሎ ሁሉም ሰው ከርዝመቱ ሊለየው ይሞክራል፤ ርዝመት ግን አይለየውም። ሁለት ቃል ሙሉ ሊሆን ይችላል፣ ሃያ ቃልም ጎዶሎ። መለያው ጥያቄው ነው። Because ብሎ የጀመረ ሰው ምክንያቱን ነገረኝ እንጂ ምን እንደሆነ ገና አልነገረኝም። When ያለኝም ጊዜውን እንጂ ድርጊቱን አልሰጠኝም። To wash የሚለው ደግሞ ጭራሹን ባለቤት የለውም።

ይህም የራሱ ምክንያት አለው። እኛ ስናወራ «እናቴ ስላመማት…» ብለን ዝም እንላለን፤ የሚሰማን ሰው ደግሞ ቀሪውን አውቆ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ይላል። ሐሳብን ሳይጨርሱ መተው ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ጨዋነት ነው። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን አይጨርስልህም። ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ከዚያ ደብዳቤህን ይመልስልሃል።

መጠገኛው ሁለት ነው፤ ወይ ጎዶሎውን ከጎረቤቱ ጋር ማጋባት፣ ወይ የጎደለውን መስጠት። የመጀመሪያውን እኔ ሠርቼ አሳየኋት፦ I want this course because my mother is sick. ጽፌ ከላክሁ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። በገዛ እጄ፣ እውነት አለመሆኑን እያወቅሁ፣ እናቷን ታማሚ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። እሷ ሳትጠረጥር «በጣም አመሰግናለሁ ቲቸር» አለች።

«ሁለተኛውን አንቺ ጨርሺው» አልኳት። «ቤትሽ ስትመለሺ ምን ታደርጊያለሽ?»

When I go back home, I will wash my mother's feet with my own hands. ስትል በድምፅ ላከችልኝ። ቀስ ብላ ነው ያነበበችው፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠች። ባለቤት አለው፣ ግስ አለው፣ ሰረዙም ቦታው ላይ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ሱቄ ውስጥ አጨበጭብ ነበር። ጎበዝ ሳልላት የትክክል ምልክቷን ብቻ ልኬ ወደ ደንበኞቼ ዞርኩ። የሚቀጥለው ደንበኛ ስኳር ሲጠይቀኝ ጨው ሰጠሁት።

ሃያ አንዱ ቀን አለቀ ስንል ተራዘመ። ትምህርቱም ቀጠለ። ደብዳቤው በየቀኑ እያማረበት ሄደ፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ እየተበሳጨሁ ሄድኩ። በበሽታው እናደዳለሁ፣ በሽማግሌው እናደዳለሁ፣ በወንድሟ እናደዳለሁ። ወንድሟ በደወለች ቁጥር ኔትወርክ የለም እያለ ነበር የሚሸኛት።

«እማዬን ማግኘት አልቻልኩም» አለችኝ አንድ ቀን ትምህርቱ ሲያልቅ። «ወንድሜ እሷ ያለችበት ቤት ኔትወርክ አይሠራም ይለኛል። የእሱ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ። አይገርምም ቲቸር?»

«ይገርማል» አልኳት። ያቺ ቃል እስካሁን ታሳፍረኛለች።

በዚያ ሳምንት ከደንበኞቼ አንዷ፣ በየቀኑ በዙሉ ቋንቋ «ሳውቦና» ብላ ሰላም ሳትለኝ የማታልፍ የሰፈሩ አሮጊት፣ መስኮቴ ላይ መጥታ አንድ እሽግ ሻማ ጠየቀችኝ። «እህቴ ማክሰኞ ሞተች፤ ቅዳሜ እንቀብራታለን» አለችኝ። እንደቆመች፣ ሳንቲሟን እየቆጠረች ነው ያለችኝ። ደንግጬ ማን ነገረሽ አልኳት። ጥያቄው ገረማት። «ልጇ ደወለልኝ። እናቴ ሞተች አለኝ» አለች። ከዚያ ዓይኗን በቀሚሷ እጅጌ ጠርጋ ሻማዋን ይዛ ሄደች። ሐዘኗ ከእኛ ሐዘን አላነሰም። ቢያንስ ግን በየትኛው ቀን ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች።

ወዲያው ለሽማግሌው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እንንገራት።»

«በምን ሰው? በምን መኪና?»

«የዚህ አገር ሰዎች እኮ ሞት ሲሆን በስልክ ነው የሚነጋገሩት።»

«እነሱ የራሳቸው ወግ አላቸው። በዙሪያቸው ቤተሰብ አለ። የእኛ ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ናት» አሉኝ። «አንተ ደግሞ የተማርክ ነህ፤ ይህ አይጠፋህም።»

ክርክር ተሸንፌ ስልክ የዘጋሁበት ቀን ጥቂት ነው፤ አንዱ ያ ነው።

ደብዳቤው ሊላክ አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። የላከችው ከደብዳቤው ውስጥ አልነበረም፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው።

I call my mother every Sunday. For four Sundays.

ከሥሩ በአማርኛ «ቲቸር፣ የመጀመሪያው ሙሉ ነው። ሁለተኛው ጎዶሎ መሆኑን አውቃለሁ። እንዴት እንደምጨርሰው ግን አላውቅም። እርስዎ ይጨርሱልኝ» ይላል።

ፍርግርጉን ዘግቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ሰው ያንኳኳል። ተማሪዬ አልተሳሳተችም ነበር፤ ሆን ብላ ነው የጻፈችው። አንድ ጊዜ «የኔትወርክ ነገር እኮ ነው» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። አንድ ጊዜ «ለአራት እሑድ» የሚለውን እንዴት ከፊተኛው ጋር እንደምታጋባው ላስረዳት ጀመርኩና በራሴ አፈርኩ። በመጨረሻ «ነገ ጠዋት ዕቃ ለማምጣት በአንቺ በኩል አልፋለሁ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን» ብዬ ላክሁ። «እሺ» ብቻ አለች።

ከዚያ ለሽማግሌው ደወልኩ። አሁን አላማከርኳቸውም፤ ነገርኳቸው።

«ነገ ጠዋት ሄጄ እነግራታለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ፐርሚቱ የአንድ ሰው ነው። ብቻዬን።»

«መርዶ በአንድ ሰው?»

«በአንድ ሰው፣ ጋሼ። ጠይቃኛለች። ለጠየቀ ሰው እየዋሸሁ ሌላ እሑድ አላሳልፍም።»

«እኔ ከቤቴ ሆኜ እጸልያለሁ፤ እንደነገርካት ስልኩን ስጣትና ላናግራት» አሉኝ። ሁለት እህቶችም ተራ በተራ እንዲደውሉላት፣ ሌሊቱንም ስልኩ ሳይዘጋ አብረዋት እንዲያድሩ ተነጋገርን። ስልኩን ስዘጋ ልቤ ጸጥ ብሎ ነበር። እንዲያ እርግጠኛ የሆንኩባቸው ቀኖች በሕይወቴ ብዙ አይደሉም።

ጠዋት ጨለማው ሲገፈፍ ባኪዬን፣ ፒካፕ መኪናዬን፣ አስነሥቼ ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። ጀርሚስተን መግቢያ ላይ ወታደሮች አስቆሙኝ፤ ፐርሚቴን አገላብጠው አይተው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ጅምላ ሱቅ አልኳቸው። እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ጅምላ ሱቅ እሄዳለሁ። መሪውን ይዤ የምናገረውን ሳጠና ነበር። በእኛ ልማድ «እንግዲህ ሁላችንም የእሱ ነን፣ ሰጪም ነሺም እሱ ነው» እያሉ ከሩቅ ዞረው ነው የሚመጡት። እኔ አልዞርም አልኩ። ማን? ምን ሆኑ? በሁለት ቃል እነግራትና ከዚያ የሚመጣውን አብሬያት እቆማለሁ። ምን እንደምትለኝ፣ ምን እንደምመልስላት ሁሉንም አስቤ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር።

ግቢው በር ላይ ደርሼ ደወልኩላት። ወዲያው ወጣች። ለባብሳ ነበር፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኖቿ አብጠው፣ እንቅልፍ ባይኗ ያልዞረ ሰው ትመስላለች። እኔን ከማየቷ በፊት ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየች። ወደ ግራ እስከ ጥጉ፣ ወደ ቀኝ እስከ ጥጉ። ከዚያ ባኪው ውስጥ አየች። ማንም የለም።

«ብቻዎን ነዎት ቲቸር?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ፊቷ በአንዴ በራ። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን!» አለች። «እኔኮ ክፉ ክፉውን ሳስብ ነው ያደርኩት። ሳይነጋ ሰው ሰብስበው የሚመጡ መስሎኝ መኪና በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ። እማዬ አንድ ነገር ብትሆን ብቻዎን አይመጡም ነበራ! ኔትወርክ ነው ማለት ነው።» ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል። «ይግቡ፤ ሻይ ላፍላልዎት። ዓረፍተ ነገሬን ይጨርሱልኛል።»

ይህን አላሰብኩትም። ሁሉን አውቃለሁ ባዩ እኔ፣ ብቻዬን መምጣቴ እሷ ዘንድ ምን ብሎ እንደሚናገር አንድም ጊዜ አልታየኝም። እንድትስቅ ትንሽ ልተዋት ፈለግሁ፤ አንድ ደቂቃ፣ ሻይ እስኪፈላ። ግን ያ ደግሞ አምስተኛው እሑድ ይሆናል።

«እህቴ» አልኳት፣ «እናትሽ ሞተዋል።»

ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። የተሳሳተ ተማሪ እንደሚያርም ሰው ራሷን ነቀነቀች።

«ብቻዎን እኮ ነው የመጡት» አለችኝ።